ለልጄ የማንን ማሊያ ልግዛላት? (ስለ ናሽናልስ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው)

ኔቪያርድ_22

ሰላም ወገን። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ላውራ፣ ታገሱኝ።

ልጄ 11 ዓመት ሞልቷታል። ለገና ምን ልግዛልሽ አልኳት። የናሽናልስ፣ የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድናችን፣ ማሊያ አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የማንን ስላት ግን ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ፣ "አንተ ምረጥልኝ፣ ብቻ የማይሄድ ሰው ይሁን" አለችኝ። ይቺ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2019 ዋንጫውን ስንበላ አምስት ዓመቷ ነበር። ያኔ የኮከባችንን የዋን ሶቶን 22 ቁጥር ገዛሁላት። ሲጠባት በ2022 ሌላ ገዛሁላት፣ ያው 22። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሰመር ካምፕ ልወስዳት ስሄድ ለብሳው ነበር። ሶቶ ለሳንዲያጎ መሰጠቱን የሰማሁት እዚያው መኪና ውስጥ ቆሜ ስጠብቃት ነው። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቤት እንደገባን አወለቀችው፣ በሥርዓት አጠፈችው፣ መሳቢያዋ ታች ከተተችው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። እኔም ላውጣው ብዬ አልነካሁትም።

መሸነፍ እችላለሁ። ቤዝቦል በዓመት 162 ጨዋታ ነው፣ ሽንፈትን ያልለመደ ሰው ሊያየው አይችልም። ግን እስቲ ተመልከቱ። በ2021 ያሸነፍነው 65፣ በ2022 55፣ በ2023 71፣ በ2024 እንደገና 71፣ ዘንድሮ በ2025 ደግሞ 66። ዋንጫ ካነሳንበት ቀን ጀምሮ አንድም ዓመት ከተሸነፍነው በላይ አሸንፈን አናውቅም። እሺ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚሄዱት ሰዎች ናቸው። ብራይስ ሃርፐር ከ2018 በኋላ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። አንተኒ ሬንዶን ከዋንጫው ማግስት ሄደ። ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር በ2021 በአንድ ቀን ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ተሰጡ። ከዚያ ሶቶ። ይቀራል ተብሎ 245 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመለት ስቲቨን ስትራስበርግ ደግሞ አካሉ ከዳው፤ ከፈረመ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። እሱን ማንም ሊወቅሰው አይችልም፣ ለዋንጫው ክንዱን ነው የሰጠው።

አሁን ጄምስ ውድ አለን። ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ፣ እዚሁ የእኛው ሰፈር ልጅ። ቁመቱ ሁለት ሜትር። በቃ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ይሄን ልጅ አሁኑኑ ረጅም ውል ያስፈርሙት። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄው። የማንን ልግዛላት?

ታክሲ_እና_ራዲዮ

ወንድሜ አንጀቴን በላኸው። የልጅቷን ነገር ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ።

እኔ እንዳንተ ስታዲየም የመግባት ጊዜ የለኝም። ናሽናልስን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር በራዲዮ እያወሩ እኔ ማታ ማታ እነዳለሁ፣ ይኸው ስንት ዓመት። እንግሊዝኛዬ ራሱ የተስተካከለው በነሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

የ2019ኙን ሰባተኛ ጨዋታ ልንገርህ። ጥቅምት 30፣ ረቡዕ ማታ። ከሬገን ኤርፖርት አንድ ሰውዬ ጫንኩ፣ ሻንጣውን እንኳ በደንብ ሳልጭን ነው የተነሳሁት። ሂውስተን 2 ለ 0 እየመራ ነው። ከዘጠኙ ዙር (ኢኒንግ) ሰባተኛው ላይ ሬንዶን ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መታ፣ ሆም ራን። ሶቶ በነፃ አለፈ። ከዚያ ሀዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ መታት። ኳሷ ከሜዳ ወጣች አልወጣች እያልኩ መሪውን ይዤ ቀርቻለሁ፣ ራዲዮኑ ጮኸ፣ ምሰሶውን መታች! ሆም ራን ናት! ከኋላ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል። አላውቀውም እኮ። ኮነቲከት አቬኑ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩና ሁለታችንም ወርደን ተቃቀፍን። ሂሳብ ልቀበለው አልፈለግኩም ነበር፣ ግድ ብሎ እጥፍ ከፈለኝ።

ያ ቡድን ግንቦት ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሁሉም ሰው አሰልጣኙ ይባረር ይል ነበር። ስለዚህ እኔ ተስፋ አልቆርጥም። 29 ቁጥር ግዛላት። ጄምስ ውድን።

ሰላም_ከአሌክሳንድሪያ

እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅቷ የጠየቀችው የማይሄድ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው፣ ራያን ዚመርማን። 11 ቁጥር።

በ2005 ክለቡ ዋሽንግተን እንደመጣ መጀመሪያ የመረጡት እሱን ነው። ሙሉ ዕድሜውን እዚሁ ተጫወተ፣ ሌላ ማሊያ ሳይለብስ በ2022 ጫማውን ሰቀለ። ቁጥሩም ተሰቅሏል፣ ማንም አይለብሰውም። አዲሱ ስታዲየም በ2008 በተከፈተ ማታ በመጨረሻው ኢኒንግ ሆም ራን መትቶ ያሸነፈውም እሱ ነው። ይሄን ለልጅህ ንገራት። ከዚህ በላይ የማይሄድ ሰው ከየት ታመጣለህ?

የእኔ ልጅ የሲጄ ኤብራምስን አምስት ቁጥር ነው የሚለብሰው። ውሉ ከ2028 በኋላ ነፃ ያወጣዋል። እኔ አሁኑኑ ሆዴ ይፈራል፣ እሱ ምንም አያውቅም።

መድፈኛው_ዲሲ

ይቅርታ ልግባ። እኔ የአርሰናል ሰው ነኝ፣ ቤዝቦል አይገባኝም ነበር፣ ግን መሥሪያ ቤቴ ስታዲየሙ ያለበት ሰፈር ኔቪ ያርድ ስለሆነ ሰመር ላይ እግሬ እየወሰደኝ ገባሁ። ወደድኩት። ግን አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። 107 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን እንዴት በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ላይ ይገኛል? ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የለም?

ኔቪያርድ_22

የለም ወንድሜ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

እንግሊዝ አገር ባለቤት ቡድኑን ቢሸጥ ቢለውጥ ወራጅ ቀጠና ያስፈራዋል። ከወረደ ገንዘቡ ይደርቃል። እዚህ መቶ ጊዜ ብትሸነፍም ቦታህ ቦታህ ነው። የቴሌቪዥኑ ብር ይገባል፣ ቢራው ይሸጣል። ጭራሽ ለተሸነፈ ሽልማት አለ። ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡት ምርጥ ልጆች ሲከፋፈሉ ደካማው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ድራፍት ይሉታል። አሁን ዕጣ አስገብተውበታል፣ ግን ያው ዕጣውም ለደካሞቹ ያደላል። ስትራስበርግን በ2009፣ ሃርፐርን በ2010 አንደኛ የመረጥናቸው በጣም ስለተሸነፍን ነው። ዘንድሮ ደግሞ ዕጣው ወጥቶልን ኢላይ ዊሊትስን ወሰድን። ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር፣ ልጅ ነው።

ስለዚህ ባለቤት "እየገነባን ነው" ካለ ማንም አይጠይቀውም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። እኛ ትኬት እንገዛለን፣ እነሱ ይገነባሉ።

መድፈኛው_ዲሲ

አሃ። ገባኝ። እኛ ከ2004 ጀምሮ የሊግ ዋንጫ እየጠበቅን ነው፣ ግን ቢያንስ በየዓመቱ ለመጫወት ነው የሚገቡት። ለመሸነፍ ተብሎ የሚገባበት ዓመት እኔ አልችለውም ነበር። ለልጅቷ ግን በርቱ በልልኝ።

ኦሪዮል_ሲልቨርስፕሪንግ

ጎረቤቶች፣ እኔ የባልቲሞር ሰው ነኝ፣ አትምቱኝ።

የመገንባት ነገር ውሸት አይደለም። እኛ በ2018 115 ጨዋታ ተሸንፈናል። በ2021 110። ያኔ ካምደን ያርድስ ገብቼ ከፊት ለፊቴ ያሉትን ወንበሮች ቆጥሬ የምጨርስ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አድሊ ራችማንና ጋነር ሄንደርሰን መጡ፣ በ2023 101 ጨዋታ አሸነፍን። ስለዚህ ይሠራል።

ግን ልጨምርበት። 101 ካሸነፍን በኋላ በፕሌይ ኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) አንድም ጨዋታ ሳናሸንፍ ቴክሳስ ጠረገን። በዓመቱ ደግሞ ካንሳስ ሲቲ። ዘንድሮ 75 አሸንፈን ከምድባችን መጨረሻ ነን። ለምን ብትሉኝ ልጆቹ ደርሰው ሳለ ጥሩ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ለመግዛት እጃችን ስላጠረ ነው። አንድ ኮርቢን በርንስ አመጣን፣ እሱም በዓመቱ ሄደ። ስለዚህ ኔቪያርድ፣ ውድን አስፈርሙ ማለትህ ልክ ነው፣ ግን እሱ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚወረውርለት ሰው ከሌለ አምስት ገብቶለት ስድስት ይገባበታል።

ቁጥር_ወዳጁ

ኦሪዮል ትክክል ነህ፣ የፒቸሮቹ ነገር ዘንድሮ ለማየት ይከብድ ነበር፣ በተለይ መሀል ላይ የሚገቡት። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ እየመራን ቴሌቪዥን አጥፍቼ የተኛሁበት ቀን አለ፣ ጠዋት ስነሳ እንደተሸነፍን ሳልጠይቅ አውቀው ነበር።

አሁን ግን ኔቪያርድን በሁለት ነገር ልሞግተው።

አንደኛ፣ ሶቶን እንዲሁ አልጣሉትም። 15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርበውለታል። እምቢ ያለው እሱ ነው። ከዚያ በለወጡት ሰዎች ደግሞ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርንና ራሱን ጄምስ ውድን አገኘን። ሦስቱም ኦል ስታር ሆነዋል፣ ከሊጉ ምርጦች ተቆጥረዋል። በዚህ አገር ታሪክ እንዲህ ያለ ለውጥ ያደረገ ክለብ ብዙ የለም። ውድን እየወደድክ ያንን ለውጥ መጥላት አይሆንልህም።

ሁለተኛ፣ ውድን ለማስፈረም አትቸኩል። ከዓመቱ አጋማሽ እረፍት በፊት 24 ሆም ራን መታ፣ ከእረፍቱ በኋላ ሰባት ብቻ። በዓመቱ 221 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል፣ ኳሷን ስቶ ወጥቷል። የምንጊዜውም ክብረ ወሰን 223 ነው። ፒቸሮቹ ድክመቱን አግኝተውታል። መጀመሪያ ይሄን ያርም፣ ከዚያ ይከፈለው።

እኔን ብትጠይቀኝ የችግሩ ሥር ድራፍቱ ነው። በ2011 ከተመረጠው ከሬንዶን ወዲህ በመጀመሪያ ዙር መርጠን፣ እዚሁ አሳድገን፣ በእኛ ማሊያ ኮከብ የሆነ አንድ ሰው ጥሩልኝ። ሶቶን ከዶሚኒካን በልጅነቱ አስፈርመን ነው። ተርነር በለውጥ ነው የመጣው። ጆሊቶ ኮከብ ሆነ፣ ግን ቺካጎ ሄዶ። 14 ዓመት ሙሉ ጓሮህ ካላበቀለ በየዓመቱ ገበያ ነው የምትወጣው፣ ገንዘቡን ስታቆም ደግሞ መሶቡ ባዶ ይሆናል። የሆነውም ይሄ ነው።

ኔቪያርድ_22

ስለ ድራፍቱ ያልከውን ተቀብያለሁ። አንድም ስም ልጠራልህ አልቻልኩም። ስቀመጥ ስነሳ አሰብኩት፣ የለም።

ስለ 440ው ግን እንነጋገር። ሲሰሙት ብዙ ነው። በ15 ስታካፍለው ግን በዓመት 29 ሚሊዮን ነው የሚመጣው። ያኔ ከሱ ያነሱ ተጫዋቾች ከዚያ በላይ ይበሉ ነበር። የኒውዮርኩ ሜትስ በኋላ የሰጡት 765 ሚሊዮን ነው፣ ለያው 15 ዓመት። በዓመት 51። እንግዲህ ልጁ እምቢ በማለቱ ተሳሳተ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ደግሞ ያንን ያቀረቡት መች ነው? በ2022፣ ቡድኑ ፈርሶ፣ ሸርዘርና ተርነር ሄደው፣ ባለቤቶቹ ክለቡን ልንሸጥ እናስባለን ብለው ባወጁ በወራት ውስጥ። ማን ነው ሊሸጥ በተለጠፈ ቤት ውስጥ 15 ዓመት ልኑር ብሎ የሚፈርመው? በ2024 ደግሞ አንሸጥም አሉ። ይሁና፣ ካልሸጣችሁ ታዲያ ቤቱን ጠግኑት።

ሶቶን ማናገር የነበረባቸው በ2019 ነው፣ ገና 21 ዓመት ሲሞላው፣ ሁላችንም ኮንስቲቱሽን አቬኑ ላይ ለሰልፉ ቆመን ሳለ። አትላንታ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሮናልድ አኩኛን በዚያው ዓመት 100 ሚሊዮን አስፈረሙት፣ ገና ልጅ እያለ። ካንሳስ ሲቲን ደግሞ እይ። ከኛ የምታንስ ከተማ ናት። በ2023 106 ጨዋታ ተሸነፉ። በዚያው ብርድ ወራት ቦቢ ዊት ጁኒየርን 288 ሚሊዮን ለ11 ዓመት አስፈረሙት። በዓመቱ ፕሌይ ኦፍ ገቡ። ይሄ ውል ብቻውን አስገባቸው አልልም፣ ሌላም ሰው ገዝተዋል። ግን ለሌላው ተጫዋችም ለደጋፊውም አንድ ነገር ነገሩ። እዚህ ነን፣ የትም አንሄድም አሉ።

221 ስትራይክ አውት ያልከውም እውነት ነው፣ እኔም እያየሁ ፀጉሬን ነጭቻለሁ። ግን ያው ልጅ ነው ሰኔ ላይ ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ያሳለፉት። አትምታብን ብለው። ከታላቁ መቺ ከባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ ሰው አልነበረም። 23 ዓመቱ ነው። ካረመው በኋላ እንክፈል ማለት ከተወደደ በኋላ እንግዛ ማለት ነው። በሶቶ ያደረግነውን እንድገመው እያልከኝ ነው።

ቁጥር_ወዳጁ

የመጨረሻዋ ላይ ያዝከኝ። የካንሳስን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁንም ፒቸር ይቅደም እላለሁ፣ ግን ውድን ቢያስፈርሙት አልቃወምም። 29 ግዛላት።

ታክሲ_እና_ራዲዮ

ፒቸር ሲነሳ አንድ ነገር ልበል። ፓትሪክ ኮርቢንን ሰው ሁሉ ሲረግመው እሰማለሁ። 140 ሚሊዮን በልቶ ተሸናፊ ይሉታል። ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ በእኛው በናሽናል ሊግ ብዙ ሽንፈት የተጻፈበት ፒቸር እሱ ነው፣ አውቃለሁ፣ እያንዳንዷን ሰምቻታለሁ። ግን ያ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ከሸርዘር ቀጥሎ የገባው ማን ነበር? ኮርቢን። ሦስት ኢኒንግ ወረወረ፣ አንድም አልገባበትም። ድሉ በሱ ስም ነው የተመዘገበው። ከዚያ በኋላ ክንዱ ደክሞ እንኳ በየአምስት ቀኑ ተራው ሲደርስ ይወጣ ነበር። ከሥራ አልቀረም። ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ነው የሄደው። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ክብር አለኝ።

ሸርዘርም ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ተቆልፎበት ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። ገብቶ አምስት ኢኒንግ ቆየ። እነዚህን ሰዎች ነው ያጣነው።

ሰላም_ከአሌክሳንድሪያ

ታክሲ ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። የኮርቢንን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱ ነበር ዋናው ተራጋሚ። ዝም አለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ አዲሶቹ ኃላፊዎች ምን ታስባላችሁ? ሐምሌ ላይ ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን ሲያሰናብቱ እኔ ደነገጥኩ። ሪዞ ከ2009 ጀምሮ ነበር፣ ዋንጫውን የሠራው እሱ ነው። ጊዜው እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ግን በአንድ እሁድ ማታ ሁለቱንም ማሰናበት ልቤን አልሞላውም። አሁን የመጡት፣ በሪዞ ቦታ ፖል ቶቦኒ 35፣ አሰልጣኙ ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው። ሸርዘር አሁንም እየወረወረ ነው እኮ፣ እሱ 41 ዓመቱ ነው!

ቁጥር_ወዳጁ

እኔ ደስ ብሎኛል። ቶቦኒ ከቦስተን ነው የመጣው፣ እዚያ ሥራው ልጆች መምረጥና ማሳደግ ላይ ነበር። ቡቴራ ከታምፓ። ታምፓ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሠራ ቤት ነው። የጎደለን ይሄ ነበር። ዕድሜያቸው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የታምፓን ዘዴ አምጥተው የታምፓን በጀት እንዳይሰጧቸው ነው። ዋሽንግተን ትንሽ ከተማ አይደለችም። በቴሌቪዥኑ ገንዘብ ላይ የነበረው የዓመታት ክርክርም ዘንድሮ መጋቢት ላይ አልቋል። ከእንግዲህ ሰበብ የለም።

ጡረተኛው_ከ82

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የልጅ ልጄ ናት ይሄን ያሳየችኝ፣ የምናገረውን እሷ ትጽፍልኛለች።

እኔ እዚህ ከተማ የመጣሁት በ1982 ነው። መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር ሥራዬ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የዚህ አገር ሽማግሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ትንሽ ራዲዮ ይዞ የባልቲሞርን ጨዋታ ይሰማል። ለምን የራስህን ከተማ አትሰማም አልኩት። የለንም አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄደብን አለኝ። ሴኔተርስ የሚባል ቡድን ነበራቸው፣ በ1924 ዋንጫ የበላ። በ1961 ወደ ሚኔሶታ ሄደ። ሌላ ተሰጣቸው፣ እሱም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደ። የመጨረሻው ቀን ሽማግሌው አርኤፍኬ ስታዲየም ነበር። 7 ለ 5 እየመሩ፣ ሁለት ሰው ወጥቶ አንድ ብቻ ሲቀር፣ ሕዝቡ አልቻለም፣ ሜዳ ገባ። ሳሩን ነቀለ፣ ቤዞቹን ወሰደ። ጨዋታው ተቋረጠና ለኒውዮርክ ተሰጠ። ሽማግሌው አንዲት ቁራጭ ሳር በወረቀት ጠቅልሎ ቤቱ አስቀምጦ ነበር። ደርቃ አፈር ሆናለች፣ አሳይቶኛል።

ከዚያ 33 ዓመት ምንም የለም። በ2005 ናሽናልስ ሲመጣ ሽማግሌው ሞቷል። እኔ ስለሱ ብዬ መጀመሪያ ቀን ገባሁ። ሚያዝያ 14። ቤዝቦል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ሰው ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ያ ስታዲየም ሕዝቡ ሲዘል ወንበሩ ከሥር ይወዛወዛል፣ መሬት የተንቀጠቀጠ መስሎኝ የጎረቤቴን እጅ ያዝኩ። አሸነፍን።

እናም ልጄ ኔቪያርድ፣ ይሄ ቡድን ራሱ ከሞንትሪያል ነው የመጣው። እዚያም አንድ አባት ለልጁ ማሊያ ገዝቶ ነበር። የማይሄድ ሰው ላገኝላት ካልክ ትደክማለህ። እኛም ከቤታችን ሄደን ነው እዚህ ያለነው። ለልጅቷ የምትወደውን ግዛላት። ሲሄድ አብረሃት ተቀመጥ። ያን ዕለት መኪና ውስጥ ነግረሃታል፣ ከሌላ አልሰማችም፣ ጥሩ አድርገሃል።

ታክሲ_እና_ራዲዮ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። መኪናዬን አቁሜ ነው ያነበብኩት። ወደ ስታዲየም መሄድ ከፈለጉ እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ የልጅ ልጅዎ ትጻፍልኝ።

ሰላም_ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ ያቺ ሳር... ምን እላለሁ። ዚመርማን ያልኩትን አልመለስም፣ ግን ገብቶኛል።

ኦሪዮል_ሲልቨርስፕሪንግ

ሽማግሌው የባልቲሞርን ይሰሙ ነበር የምትለዋን ወድጃታለሁ ጋሼ። ከሁለቱ ከተሞች አንዱ ቡድን ሲያጣ ሌላው ያስጠጋዋል። ለኛም የ2026ን እንጸልይ።

ኔቪያርድ_22

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለልጄ። ሳሩ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና "አሁን የት አለ?" አለችኝ። ካወቁ ንገሩን።

በባለቤቶቹ ላይ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። ውድን አሁን ያስፈርሙ። ካላስፈረሙ ከ2030 በኋላ ነፃ ይወጣል፣ የዚያን ቀን እኔ እዚሁ ተመልሼ እጽፋለሁ።

ማሊያውን ግን ገዛሁ። ምርጫውን ለሷ መለስኩላት። ውድ ያደገው ኦልኒ ነው ስላት ዓይኗ በራ፤ አክስቷ አስፐን ሂል ናት፣ ኦልኒን እናልፈዋለን። "እዚያ ያለው ሜዳ ላይ ተጫውቶ ይሆናል?" አለች። ሊሆን ይችላል አልኳት። 29 በቃ አለች።

ትናንት ሱቅ ሄድኩ። የልጆቹን ልኬት አልፌ የአዋቂ ትንሹን አነሳሁ። ሻጩ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው አለኝ። 11 አልኩት። ይሄ ይሰፋታል አለኝ። ይስፋት፣ እስከ 2030 ታድግበታለች አልኩት።